ድንኳኑ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር መንገድ ላይ ድንኳን ይተከላል። ባለመኪናው ዞሮ ይሄዳል፤ የባለሱቁ ገበያ ለሁለት ሦስት ቀን ይቀዘቅዛል፤ ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል። ሆኖም ‹‹መንገድ ተዘጋብኝ›› ብሎ አቤት የሚል ሰው እምብዛም አያጋጥምም። አንደኛ ነገር፣ ነገ ተራው የራሱ እንደሚሆን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ባለቤት አለው፤ ችግር ቢፈጠር የእድሩ ሰዎች ይጠየቃሉ። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን መታወቁ ነው።

አሁን ደግሞ የሚነሳበት ቀን ያልተነገረለት ድንኳን መንገድ ዳር ለአራት ዓመት ቆሞ ያስቡት። ውስጡ እየተበላ እየተጠጣ ነው። ከወለሉ ሥር አይጥ ገብቷል። ከጎኑ ደግሞ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ሰፈሩን ለአራተኛ ጊዜ የሚዞር አባወራ አለ። በትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች፣ ከሁሉም በላይ በኒውዮርክ፣ የሆነው ይህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ዘመድ ለመጠየቅ ሄደው ከሆነ፣ ቀድሞ መኪና ይቆምበት በነበረው የአስፋልት ዳር ላይ የተሠሩትን የእንጨት ዳሶች ሳያዩ አልቀሩም። ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ‹‹ይነሳልን›› ወይም ‹‹ይቆይልን›› የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ተጠይቀው ይሆናል። የዚህ ወር ጨዋታችን ስለዚሁ ፊርማ ነው።

በችግር ጊዜ የተተከለ ዳስ

በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ኒውዮርክን ሲመታ ምግብ ቤቶች ደንበኛ ወደ ውስጥ ማስገባት ተከለከሉ። በሰኔ ወር የከተማው አስተዳደር አንድ መፍትሔ ይዞ መጣ። ባለምግብ ቤቱ በደጁ ባለው የእግረኛ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ላይ ጠረጴዛ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ፈቃዱ በኢንተርኔት ፎርም ተሞልቶ ወዲያው የሚገኝ ነበር፤ ክፍያም አልነበረውም። ከወረርሽኙ በፊት የእግረኛ መንገድ ላይ ካፌ ለመክፈት ረጅም ደጅ መጥናት ያስፈልግ ስለነበር፣ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች በአብዛኛው ማንሃታን ውስጥ የተሰበሰቡ ነበሩ። አሁን ግን ብሮንክስም፣ ኩዊንስም፣ ብሩክሊንም ደጅ ላይ ወጣ። በጠቅላላው ከ12 ሺህ በላይ ምግብ ቤቶች ተጠቀሙበት። አስተዳደሩ 100 ሺህ ያህል ሰው ከሥራው እንዳይፈናቀል አድርጓል ይላል።

ክረምቱ ሲመጣ ጠረጴዛው ግድግዳና ጣሪያ ተጨመረለት። ማሞቂያ ገባ፤ ወለል ተነጠፈ፤ መብራት ተዘረጋ። ‹‹ደጅ›› የተባለው ነገር ቀስ በቀስ ቤት ሆነ። በችግር ጊዜ የተተከለ ነገር ችግሩ ሲያልፍ ወዲያው አይነቀልም። ሰው ገንዘቡን አፍስሶበታል፤ ተጨማሪው ወንበር ተጨማሪ ሠራተኛ አስቀጥሯል፤ ሰፈርተኛውም ለምዶታል።

ምሬቱም አብሮ አደገ። የመንገድ መጥረጊያ መኪና ከዳሱ ሥር መግባት አልቻለም። የዝናብ ውኃ የሚሄድበት የአስፋልት ጠርዝ ተዘጋ። ከላይ ፎቅ ያለ ልጅ ሊተኛ ሲል ከታች ሁለተኛው ጠርሙስ ይከፈታል። ሥራቸው የከሰረ ሰዎች ዳሱን ጥለው ሄዱ፤ ባዶውም ዳስ የቆሻሻ መጣያ ሆነ። እዚህ ላይ ግን ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ኒውዮርክ በዚያን ጊዜ ቆሻሻውን በላስቲክ ከረጢት አስሮ መንገድ ዳር የሚያሳድር ከተማ ነበር። አይጡ ከዳሱ በፊትም ነበረ፤ ዳሱ የጨመረለት መጠለያ ነው።

ስንት ቦታ ተወሰደ?

ክርክሩ ሲሞቅ ሁለቱም ወገን ቁጥር ይዞ ይመጣል። በኒውዮርክ መንገዶች ዳር ሦስት ሚሊዮን ያህል የመኪና ማቆሚያ ቦታ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው በነጻ ነው። ምግብ ቤቶቹ ከዚያ ውስጥ የያዙት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ‹‹ታዲያ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምን?›› ይላሉ የዳሱ ደጋፊዎች።

ነገር ግን ማንም ሰው መኪናውን በከተማው አማካይ ላይ አያቆምም። የሚያቆመው በራሱ መንገድ ላይ ነው። የእርስዎ መንገድ አምስት ምግብ ቤት ካለበት፣ ለእርስዎ የጠፋው ከመቶ አንድ ሳይሆን ግማሹ ሊሆን ይችላል። በዚያው መጠን፣ አምስት ምግብ ቤት ያለበት መንገድ ምሽት ላይ መብራትና ሰው ስላለው ልጅዎ ከጥናት ሲመለስ ብቻውን አይሄድም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚነግርዎትን ሰው በጥርጣሬ ያዳምጡት።

ስለ ‹‹ነጻ›› ማቆሚያም አንድ ነገር እናንሳ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሾፕ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስለ ነጻ ማቆሚያ ውድነት በሚያወሳው ትልቅ መጽሐፋቸው፣ በነጻ የሚታደል ማቆሚያ ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍለው እንጂ ዋጋ የሌለው እንዳልሆነ ተከራክረዋል። መኪና የሌላት አስተናጋጅ ለመንገዱ ግብር ትከፍላለች፤ መሬቱ ላይ ግን የሚተኛው የሌላ ሰው መኪና ነው። ይህ ክርክር ለዳሱ ደጋፊዎች ጥሩ መሣሪያ ሆኗል። ዞሮ ግን እነሱንም ይነካል። መኪና የሕዝብን መሬት በነጻ መያዝ ከሌለበት፣ ምግብ ቤቱስ በነጻ ሊይዘው ይገባል?

መሃል የሆነ የመሰለው ሕግ

በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ በከተማው ምክር ቤት የጸደቀውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት የታሰበ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ ያለው ካፌ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። በመኪና ማቆሚያው ላይ ያለው ግን ከሚያዝያ 1 እስከ ኅዳር 29 እ.ኤ.አ. ብቻ ይቆምና ይነሳል። ግድግዳና ዝግ ጣሪያ የለም፤ አየር የሚያስገባና ተፈትቶ የሚነሳ መሆን አለበት። እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና አራት ሜትር ተኩል ያህል ነጻ መንገድ ይተዋል። ፈቃዱ ለ4 ዓመት 1,050 ዶላር ነው፤ ሁለቱንም የሚፈልግ እጥፉን ይከፍላል። በዚያ ላይ እንደ ሰፈሩና እንደ ስፋቱ የሚታሰብ ዓመታዊ ኪራይ አለ። አሮጌዎቹ ዳሶች በ2024 መጨረሻ ተነሱ፤ አዲሱ ሥርዓትም በሚያዝያ 2025 ተጀመረ።

በወረቀት ላይ ሲያዩት ሕጉ ልክ እንደ እድር ድንኳን ነው፤ ባለቤት አለው፣ ኪራይ አለው፣ የሚነሳበት ቀን አለው። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ከ12 ሺህ በላይ የነበረው ተጠቃሚ ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ።

ለምን ቢሉ፣ የእድር ድንኳን ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት እድሩ ቤት ይገባል፤ የምግብ ቤት ወለልና አጥር ግን እንዲህ አይነሳም። በየኅዳሩ የሚያፈርስ ሠራተኛ መቅጠር፣ የሚያጓጉዝ መኪና መከራየት፣ አራት ወር የሚቀመጥበት መጋዘን መፈለግ፣ በሚያዝያ ደግሞ እንደገና መግጠም ያስፈልጋል። ይህ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት መጋዘንም፣ ፎርም የሚሞላለት ጠበቃም፣ ንድፍ የሚሠራለት አርክቴክትም አለው። ባልና ሚስት ሆነው ሃያ ወንበር ያለው ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ያላቸው ጉልበታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ‹‹መሃሉን እንያዝ›› የተባለው ውሳኔ ሲተገበር ወደ ባለጠጋው አዘነበለ። ‹‹ዓመቱን ሙሉ ይመለስ›› የሚል ረቂቅ ለምክር ቤቱ የቀረበውም በዚህ የተነሳ ነው።

የሌሎች ከተሞች መንገድ

የመኪና ማቆሚያን ለሰው የማዋል ሐሳብ ኮሮና ያመጣው አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ሬባር የሚባል የንድፍ ቡድን በአንድ ማቆሚያ ቦታ ላይ ሣር አነጠፈ፤ አንድ ዛፍና አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፤ እንደ ማንኛውም ባለመኪና ሳንቲሙን ቆጣሪው ውስጥ ከተተ። የተከፈለበት ሁለት ሰዓት ሲያልቅ ሣሩን ጠቅልሎ ሄደ። በ2010 ከተማዋ ሐሳቡን ወስዳ ትንንሽ የመንገድ ዳር መናፈሻዎች መፍቀድ ጀመረች። የወረርሽኙ ጊዜ ፈቃድም በ2021 ቋሚ ሆነ።

ሳን ፍራንሲስኮ ሁለት ነገር ጨምራለች። ምግብ ቤቱ በያዘው ቦታ ላይ ማንም ሰው ሳይገዛ የሚቀመጥበት ወንበር እንዲኖር ታስገድዳለች። ዓመታዊ ሽያጫቸው አነስተኛ ለሆነ ቤቶች ደግሞ የፈቃዱን ክፍያ በግማሽ ትቀንሳለች። የመጀመሪያው ሕግ መሬቱ የሕዝብ መሆኑን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ኪራዩን እንደ ተከራዩ አቅም ያደርገዋል።

ፓሪስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የማቆሚያ ላይ በረንዳዎችን ከሚያዝያ 1 እስከ ጥቅምት መጨረሻ እ.ኤ.አ. ብቻ ትፈቅዳለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ይዘጋሉ፤ ሙዚቃ ክልክል ነው። ለኒውዮርክ ሰው ጥብቅ ይመስላል፤ ከበረንዳው በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ለምታስተኛ እናት ግን አራት ሰዓትና እኩለ ሌሊት በጣም የተለያዩ ናቸው።

የእኛ ሰዎች በሁለቱም በኩል ናቸው

ዋሽንግተን ዲሲን የሚያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ከቅርብ ያውቁታል። በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው መንገድ፣ ኋላም በ9ኛውና በዩ ስትሪት አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ለዓመታት ሰፈር ሠርተዋል። በ2020 የዲሲ አስተዳደርም የመንገድ ዳር መመገቢያ ፈቀደ፤ ጊዜያዊው ፈቃድም በተደጋጋሚ ተራዘመ።

ለጠባብ ምግብ ቤት ሁለት የማቆሚያ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 13 ወይም 14 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ሰፊ ሳሎን ይሆናሉ። እርግጥ እንጀራ ነፋስ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ትሪውም በነፋስ አይወድም። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰው ያለው ቤተሰብ ጎብኝቶ ‹‹ቦታ የለም›› ተብሎ ከመመለስ ይሻላል። የዚያ ቅዳሜ ገቢ የወሩን ኪራይ የሚሞላ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል፣ በዚያው ከተማ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በመኪና ነው። ታክሲ ይነዳሉ፤ ተሳፋሪ ያደርሳሉ፤ ምግብ ያመላልሳሉ፤ በፓርኪንግ ውስጥ ይሠራሉ። ለሾፌሩ መንገድ ዳር ያለች ባዶ ቦታ የሥራ መሣሪያ ናት። ተሳፋሪ የሚያወርድበት ሲያጣ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ክላክስ ይነፋበታል፤ የቅጣት ወረቀቱም በስሙ ይመጣል። አንድ ቤት ውስጥ ሚስት ምግብ ቤት፣ ባል ታክሲ ቢይዙ፣ የፊርማው ወረቀት የምሳ ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀርብ ምን ይፈርማሉ? ‹‹ይነሳ›› ቢሉ ግማሹን ገቢ ይጎዳሉ፤ ‹‹ይቆይ›› ቢሉ ሌላውን ግማሽ። ጥያቄው በዚህ መልኩ እስከቀረበ ድረስ ትክክለኛ መልስ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ይለወጥ ባይ ነኝ። ‹‹ይቆይ ወይስ ይነሳ?›› ከማለት ‹‹በምን ውል ይቆይ?›› ማለት ይሻላል። መሬቱ የሁላችን ነው፤ ምግብ ቤቱ ተከራይ ነው፤ ባለመኪናውም ተከራይ ነው። ተከራይን ከማስወጣት ወይም ዝም ብሎ ከማኖር በፊት ውሉን ማንበብ ይቀድማል።

ከመፈረምዎ በፊት

የመንገድ ዳር መመገቢያ ባለበት ከተማ የሚኖሩ ከሆነና ነገ ስብሰባ ወይም ፊርማ ቢመጣብዎት፣ እነዚህን አምስት ነገሮች ይጠይቁ።

አንደኛ፣ ቦታው ሲዘጋ ምን ይመስላል? ዓርብ ማታ ሁሉም በረንዳ ያምራል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት። ወለሉ ሥር ይጠረጋል? ወንበሩ ተሰብስቧል? ሰኞ ጠዋት ንጹሕ የሆነ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም ደንብ ያከብራል።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ማን ነው? ሌሊት ጫጫታ ሲሆን የሚደውሉበት ስልክ፣ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ዳሱን በራሱ ወጪ እንዲያነሳ የሚያስገድድ መያዣ ገንዘብ መኖር አለበት። ተጥለው የቀሩት ዳሶች ብዙ ሰው ያስከፉት ባለቤት ስላልነበራቸው ነው።

ሦስተኛ፣ እግረኛው የት ይሄዳል? ይህ ለቤተሰብ ዋናው ነጥብ ነው። ምግብ ቤቱ አስፋልቱን ይዞ የእግረኛ መንገዱንም ከያዘ፣ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ሲመላለስ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መሃል ይቀራሉ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። በተለይ መንገዱ ጠባብ ከሆነ፣ ማቆሚያውን ይውሰድና የእግረኛውን ይልቀቅ።

አራተኛ፣ ማውረጃ ቦታ ቀርቷል? እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከበሩ አጠገብ መውረድ አለባቸው። በእያንዳንዱ መንገድ አንድ የማውረጃና የመጫኛ ቦታ፣ የአካል ጉዳተኞችም ማቆሚያ ሳይነካ ቢቀር፣ የታክሲ ሾፌሩም፣ ዕቃ አመላላሹም፣ አዛውንቱም በአንድ ጊዜ መልስ ያገኛሉ። የብዙ ሰው ምሬት ‹‹መኪናዬን የማሳድርበት የለኝም›› ሳይሆን ‹‹አምስት ደቂቃ የምቆምበት የለኝም›› ነው።

አምስተኛ፣ ደንቡ የሚመቸው ለማን ነው? ክፍያው ትንሹን ከትልቁ ይለያል? ፎርሙ ያለ ጠበቃ ይሞላል? በየዓመቱ አፍርሶ መሥራት ግዴታ ከሆነስ ዕቃው የት ይቀመጣል? እነዚህ መልስ ካላገኙ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በረንዳው ላይ የሚቀሩት በየከተማው አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቤቶች ይሆናሉ።

ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ካለ፣ እኔ ‹‹ይቆይ›› ከሚሉት ወገን ነኝ። አንድ መኪና ከሚተኛበት ቦታ ስምንት ሰው ቢቀመጥበት እመርጣለሁ። መልስ ከሌለ ግን ነዋሪውን ‹‹ለውጥ የማይወድ›› ብሎ መስደብ ተገቢ አይደለም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱን ግን ልብ ይበሉ። በኒውዮርክ ጠብ ያስነሳው ጠረጴዛ የወሰደው የመኪናን ቦታ ነው። በእኛ ከተማ ጠረጴዛና የፕላስቲክ ወንበር ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው የእግረኛው ቦታ ነው፤ መኪናም በበኩሉ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። መሃል የቀረው ሰው ደብተር የያዘ ተማሪም ሆነ ዘምቢል ያንጠለጠሉ እናት አስፋልት ላይ ወርደው ይሄዳሉ። እዚያ ባለመኪናው በቁጣ ይጮኻል፤ እዚህ እግረኛው ዝም ብሎ ይወርዳል።

መንገድን ለሰው ማዋል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ‹‹መንገድ ለሰው›› በወር አንድ እሑድ አስፋልቱን ለልጆች ሩጫና ለብስክሌት ሲለቅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መንገዱ ይከፈት ስለነበር የሚከፋው ሰው ጥቂት ነበር። ሰው የሚቃወመው መንገዱ መያዙን ብቻ አይደለም፤ ለስንት ጊዜ፣ በማንና በምን ውል እንደተያዘ ሳይነገረው መቅረቱን ነው።

በዚህ ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ የትም ከተማ ይኑሩ፣ ደንበኛ ከሆኑበት ካፌ ደጅ ትንሹን ልጅዎን እጁን ይዘው በእግር ይለፉ። ልጁ አስፋልት ላይ ሳይወርድ ማለፍ ከቻለ ቤቱን ያበረታቱ፤ ቡናዎንም እዚያው ይጠጡ። ካልቻለ ባለቤቱን ጠርተው በትሕትና ይንገሩት። ብዙ ባለቤቶች ሁለት ጠረጴዛ ወደ ውስጥ ለመሳብ የሚጠብቁት አንድ ደንበኛ እስኪጠይቃቸው ድረስ ነው።